ፈተና የሌለበት የትምህርት ዓመት፦ የአየርላንድ «የሽግግር ዓመት» አጀማመር፣ አሠራርና ውጤት

መግቢያ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው የሚመራው በሁለት ኃይሎች ነው። አንደኛው በጽሑፍ የወጣው ሥርዓተ ትምህርት ሲሆን፣ ሁለተኛው በመጨረሻ የሚጠብቀው ብሔራዊ ፈተና ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ፈተናው እንደሆነ መምህራን ከዕለት ተግባራቸው ያውቁታል። ፈተናው የማይጠይቀው ቁም ነገር፣ በሥርዓተ ትምህርቱ መግቢያ ላይ የቱንም ያህል ጎልቶ ቢሰፍር፣ ከክፍል ውስጥ ቀስ በቀስ እየጠፋ ይሄዳል። ተማሪው «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩም ጊዜው እያጠረው ሲሄድ መልሱን ከተማሪው ጋር አብሮ መፈለግ ይጀምራል። ከዚህ የተነሣ አንደበተ ርቱዕነት፣ ተባብሮ መሥራት፣ ራስን ማወቅና ለኅብረተሰብ ተቈርቋሪ መሆን በትምህርት ዓላማዎች ዝርዝር ውስጥ ቢገኙም በትምህርት ሰሌዳው ውስጥ ቦታ ያጣሉ።

ይህን ችግር ለማቃለል ልዩ ልዩ አገሮች ልዩ ልዩ መንገድ ሞክረዋል። አንዳንዶቹ ፈተናውን ለማሻሻል፣ ሌሎቹም የክፍል ውስጥ ምዘና ከፈተናው ውጤት ጋር እንዲደመር ለማድረግ ጥረዋል። አየርላንድ የመረጠችው መንገድ ከእነዚህ ይለያል። ፈተናዎቹን በነበሩበት ትታ፣ በሁለቱ መካከል ብሔራዊ ፈተና የሌለበት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት አስገባች። ዓመቱም «የሽግግር ዓመት» ተባለ። ይህ ጽሑፍ የዚህን ዓመት አጀማመር፣ አደረጃጀትና የምዘና ዘዴ ያብራራል፤ ጥናቶች ያገኙትን ውጤትና እስካሁን መፍትሔ ያላገኙትን ችግሮችም ይመረምራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. የአሳቡ መነሻ

የአየርላንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሁለት እርከን ይከፈላል። የመጀመሪያው እርከን ተማሪው 12 ዓመት ገደማ ሲሞላው ተጀምሮ 3 ዓመት ይፈጃል። ሁለተኛው እርከን የ2 ዓመት ሲሆን የሚደመደመው በትምህርት መልቀቂያ ፈተና ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚወሰነው በዚሁ ፈተና ነው። ተማሪው የተሻለ ውጤት ያገኘባቸው 6 የትምህርት ዓይነቶች ወደ ነጥብ ተለውጠው ይደመራሉ፤ በድምሩ መሠረትም የዩኒቨርሲቲው ቦታ ይደለደላል። ስለሆነም ለአንድ ወጣት ጥቂት ነጥቦች ሕክምና በማጥናትና ባለማጥናት መካከል ያለውን ልዩነት ሊያመጡ ይችላሉ።

ከ1967 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ በመደረጉ የተማሪው ቍጥር በፍጥነት ጨመረ። ለዩኒቨርሲቲ ቦታ የሚደረገው ሽሚያም አብሮ ጠነከረ። ይህን የተመለከቱት የጊዜው የትምህርት ሚኒስትር ሪቻርድ በርክ፣ ቀደም ሲል ራሳቸው መምህር የነበሩ ሰው፣ ተማሪው ከውድድሩ ለአንድ ዓመት ተለይቶ የሚያስብበት፣ ራሱን የሚመረምርበትና ከትምህርት ቤት አጥር ውጪ ያለውን ኑሮ የሚያይበት ጊዜ እንዲኖረው አሳብ አቀረቡ። በ1974 የሙከራው ፕሮግራም በ3 ትምህርት ቤቶች ብቻ ተጀመረ።

ጅምሩ ዝግተኛ ነበር። ለሃያ ዓመታት ያህል ፕሮግራሙ የጥቂት ትምህርት ቤቶችና የጥቂት ትጉ መምህራን ሥራ ሆኖ ቈየ። በ1994 ግን መንግሥት የሽግግር ዓመትን የመደበኛው ሥርዓት አካል ሲያደርገውና የገንዘብ ድጋፍ ሲመድብለት፣ ፕሮግራሙን የሚሰጡት ትምህርት ቤቶች ቍጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ160 ገደማ ወደ 450 ገደማ ከፍ አለ። ዛሬ አብዛኞቹ የአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይህን ዓመት ይሰጣሉ። በ2022 በታወጀው የሁለተኛው እርከን ማሻሻያም ዓመቱ በሁሉም ትምህርት ቤቶች እንዲገኝ የማድረግ ዓላማ ተይዟል።

ለ. የዓመቱ አደረጃጀት

የሽግግር ዓመት የሚሰጠው የመጀመሪያው እርከን እንዳበቃ ነው። ተማሪው በዚህን ጊዜ ዕድሜው 15 ወይም 16 ዓመት ይሆናል። በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ዓመቱ በምርጫ የሚወሰድ ሲሆን፣ ያልመረጠው ተማሪ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው እርከን ያልፋል። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ግን ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ነው።

ከሌሎች የትምህርት ዓመታት የሚለየው ዐቢይ ነጥብ በማእከል የተዘጋጀ መርሐ ትምህርት የሌለው መሆኑ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ ያወጣል፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በመመሪያው መሠረት የራሱን ፕሮግራም ይነድፋል። በ1990ዎቹ የወጣው መመሪያ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ነበረው። ይኸውም ዓመቱ የመልቀቂያ ፈተናውን ትምህርት በ2 ዓመት ፈንታ በ3 ዓመት ለመማሪያነት እንዳይውል የሚል ነው። ማሳሰቢያው ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፈተናን የሚፈራ ትምህርት ቤት ነፃ ዓመት ቢሰጠው፣ ነፃነቱን ለፈተናው ዝግጅት ማዋሉ አይቀርም።

የአንድ ትምህርት ቤት የሽግግር ዓመት ፕሮግራም እንደ ልማዱ አራት ክፍሎች አሉት።

1ኛ/ መሠረታዊ ትምህርቶች፦ ቋንቋዎች፣ ሒሳብ፣ የአካል ማጎልመሻና የመሳሰሉት ይቀጥላሉ። ይሁን እንጂ የማስተማሪያው ዘዴ ይለወጣል። የሒሳብ መምህሩ፣ ለምሳሌ፣ የመማሪያ መጽሐፉን ምዕራፎች በተራ ከመከተል ይልቅ ተማሪዎቹ የአካባቢያቸውን የመንገድ ትራፊክ ቈጥረው መረጃውን በሠንጠረዥና በሥዕላዊ መግለጫ እንዲያቀርቡ ሊያደርግ ይችላል።

2ኛ/ የትምህርት ዓይነቶች ቅምሻ፦ ተማሪው በሁለተኛው እርከን ሊመርጣቸው የሚችላቸውን ትምህርቶች ለጥቂት ሳምንታት እየተማረ ይሞክራል። ፊዚክስን ወይም የሒሳብ መዝገብ አያያዝን ሳያውቀው ከመምረጥ አይቶት መምረጥ ይሻለዋል።

3ኛ/ ለዓመቱ ብቻ የተዘጋጁ ትምህርቶች፦ የመጀመሪያ ርዳታ፣ ፊልም ሥራ፣ የአካባቢ ታሪክ፣ የልማት ጥናት፣ ምግብ ዝግጅትና የመሳሰሉት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ብሔራዊ የሥርዓተ ትምህርትና የምዘና ምክር ቤት መምህራንን ለማገዝ እያንዳንዳቸው 45 ሰዓት የሚወስዱ የትምህርት ክፍሎችን የሚያዘጋጁበትን ቅርጽ አውጥቷል።

4ኛ/ በዓመቱ የጊዜ ሰሌዳ ላይ በልዩ የሚያዙ ተግባራት፦ የሥራ ልምምድ፣ የበጎ አድራጎት አገልግሎት፣ የትምህርት ጉዞ፣ የሙዚቃ ድራማ ዝግጅትና የመሳሰሉት ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ በይበልጥ የሚታወቁት ሁለት ተግባራት ስለ ዓመቱ ባሕርይ ጥሩ ግንዛቤ ይሰጣሉ። የመጀመሪያው የሥራ ልምምድ ነው። ተማሪው ለጥቂት ሳምንታት በጋራዥ፣ በሱቅ፣ በመዋዕለ ሕፃናት፣ በጽሕፈት ቤት ወይም በእርሻ ቦታ ተመድቦ ይሠራል። የሥራ ቦታውን በደብዳቤ አመልክቶ የሚያገኘው ራሱ ተማሪው እንዲሆን ይበረታታል። ነርስ እሆናለሁ ስትል የኖረች ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙያው እንደማይስማማት ብትረዳ፣ ይህ እንደ ውድቀት አይታይም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በሦስተኛው ዓመት ከመረዳት የረከሰ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው የተማሪዎች አነስተኛ ኩባንያ ነው። ጥቂት ተማሪዎች ተሰብስበው ሥራ አስኪያጅ፣ ገንዘብ ያዥና የሽያጭ ኀላፊ ይመርጣሉ። አነስተኛ ዋጋ ያላቸው አክሲዮኖች ለወላጆችና ለጎረቤት ይሸጣሉ፤ ባገኙት ገንዘብ ሻማ፣ የቀን መቍጠሪያ ወይም ሌላ ዕቃ አዘጋጅተው ለገበያ ያቀርባሉ። ዓመቱ ሲያበቃ ሒሳባቸውን ዘግተው ለባለአክሲዮኖች ያስረዳሉ። በዚህ ሒደት ትርፍና ኪሣራ የመጽሐፍ ቃላት መሆናቸው ይቀራል። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ቢያጠፋ የሚወቅሰው የሥራ ጓደኛው እንጂ መምህሩ አይደለም።

ከትምህርት ቤት ውጪ ያሉ ድርጅቶችም ለዓመቱ ድጋፍ ይሆናሉ። በ1985 የተቋቋመው «ጋሽከ» የተባለው የፕሬዚዳንቱ ሽልማት ወጣቶችን በማኅበረሰብ አገልግሎት፣ በግል ክሂል፣ በአካል እንቅስቃሴና በጉዞ ያሳትፋል። ከ1965 ጀምሮ የሚካሄደው የወጣት ሳይንቲስቶች ዐውደ ርእይም ብዙ የሽግግር ዓመት ተማሪዎችን ይስባል።

ሐ. ያለ ፈተና መመዘን

ስለዚህ ዓመት ሲነገር በብዛት የሚፈጠረው የተሳሳተ ግንዛቤ «ፈተና የለም» ማለትን «ምዘና የለም» ከማለት ጋር አንድ ማድረግ ነው። የሌለው ብሔራዊ ፈተና ነው። ምዘናው ግን አለ፤ እንዲያውም ከሌሎች ዓመታት ይልቅ ለመምህሩ የከበደ ሥራ ነው።

ተማሪው በዓመቱ ውስጥ የሠራቸውን ሥራዎች በማኅደር ያከማቻል። የሥራ ልምምድ ዘገባው፣ የዕለት ማስታወሻው፣ የፕሮጀክት ጽሑፉ፣ የአሠሪው የምስክርነት ደብዳቤ በዚሁ ማኅደር ይገኛሉ። በዓመቱ መጨረሻ ተማሪው ማኅደሩን ይዞ ከመምህር ጋር፣ አንዳንድ ጊዜም ከውጪ ከተጋበዘ ሰው ጋር ይወያያል። ምን እንደ ሠራ፣ ምን እንደ ከበደው፣ እንደገና ቢሠራው ምን እንደሚለውጥ ይጠየቃል። ወላጆች የሚጋበዙበት የማጠቃለያ ምሽትም ተዘጋጅቶ የተማሪዎቹ ሥራ ለእይታ ይቀርባል፤ የምስክር ወረቀትም ይሰጣል።

የዚህ ምዘና ጥንካሬና ድክመት ከአንድ ምንጭ ይነሣል። ምዘናው ከተማሪው ሕይወት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፈተና የማይደርስበትን ይደርሳል። ነገር ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አይለወጥም። ስለዚህ ክብሩ የሚጠበቀው ትምህርት ቤቱና ወላጆች ክብር በሰጡት መጠን ብቻ ነው። ማኅደሩን የሚያነብለት መምህር ያጣ ተማሪ በሚቀጥለው ወር ማስታወሻ መጻፉን ይተዋል።

መ. ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ከዕቅድ አውጪዎች ዘንድ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ ዓመቱ በመልቀቂያ ፈተናው ውጤት ላይ ጉዳት ያመጣል ወይ የሚለው ነው። በብሔራዊ የሥርዓተ ትምህርትና የምዘና ምክር ቤት አሳታሚነት በ1999 የወጣው የሚላርና የኬሊ ጥናት ከመጀመሪያው እርከን ፈተና እስከ መልቀቂያ ፈተና ድረስ ተማሪዎችን ተከታትሏል። የሽግግር ዓመትን የወሰዱት ካልወሰዱት በአማካይ 46 ነጥብ ብልጫ አግኝተዋል። ጾታ፣ የትምህርት ቤቱ ዓይነትና ቀደም ሲል የተገኘው የፈተና ውጤት ተመዝኖ ሲስተካከል ብልጫው ወደ 26 ነጥብ ዝቅ ብሏል።

ይህ አኃዝ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ ዓመቱን የወሰደው ተማሪ ለፈተና ሲቀርብ በዕድሜ አንድ ዓመት የበሰለ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ዓመቱ በአብዛኛው በምርጫ የሚወሰድ በመሆኑ፣ መራጮቹ ቀድሞውንም የትምህርት ፍላጎት ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ጥናቱ አንድ ነገር ያመለክታል። አንድ ዓመት ከፈተና ሩጫ መለየት በሩጫው ወደ ኋላ ያስቀራል የሚለው ስጋት በአማካይ ውጤቱ አልተደገፈም።

በ2004 የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ምርምር ተቋም ያሳተመው የስሚዝ፣ የበርንና የሀናን ጥናት ወደ ውስጥ ጠልቆ ገባ። ከርእሳነ መምህራን፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች የተገኘው መረጃ በአጠቃላይ በጎ ነበር፤ ተማሪዎቹ መብሰላቸውን፣ ከመምህራን ጋር ያላቸው ግንኙነትም መሻሻሉን የሚገልጹ ብዙዎች ነበሩ። ግን ጥቅሙ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ዓመቱ በግዴታ በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ለፕሮግራሙ ያላቸው አመለካከት የቀዘቀዘ ነበር። በተቸገሩ አካባቢዎች በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ዓመቱን የወሰዱና ከትምህርት ጎን ተቀጥረው የሚሠሩ ተማሪዎችም ሌሎቹ ያገኙትን የውጤት ብልጫ አላገኙም።

ይኸው ጥናት ፕሮግራሙ የተሳካባቸውን ትምህርት ቤቶች የሚያመሳስሏቸውን ነገሮችም አመልክቷል። እነዚህም የመላው ትምህርት ቤት ድጋፍ፣ ለአስተባባሪው መምህር የተመደበ በቂ ጊዜ፣ የተግባራት ብዛትና ልዩነት፣ ተማሪውን ከሥራ ዓለም ጋር ማገናኘት፣ አዳዲስ የማስተማሪያና የምዘና ዘዴዎች፣ እንዲሁም ፕሮግራሙን በየጊዜው ገምግሞ እንደገና መንደፍ ናቸው።

ሠ. ያልተፈቱ ችግሮች

ስለ ሽግግር ዓመት በአየርላንድ የሚሰማው የተለመደ ትችት «የሥራ ፈት ዓመት ነው» የሚል ነው። ትችቱ ያለ ምክንያት አልተነሣም። ዕቅዱ በሳሳበት ትምህርት ቤት ተማሪው ከፊልም ወደ ፊልም፣ ከጉዞ ወደ ጉዞ ይሸጋገራል፤ በመካከሉም ባዶ ክፍለ ጊዜዎች ይበዛሉ። በዚህ ዓመት የጥናት ልማዱን ያጣ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ለማግኘት ይቸገራል። በ1994 የታየው ፈጣን መስፋፋት እንደዚህ ላለው አደጋ በር ይከፍታል። ለሃያ ዓመታት በፈቃደኛ መምህራን የተገነባ ልምድ በአንድ ጊዜ ወደ 300 ገደማ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ሲተላለፍ ሥልጠናውም ዕቅዱም እኩል ሊራመዱ አይችሉም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሁለተኛው ችግር ከሁሉ ይከብዳል። አንድ ዓመት ለባለጸጋና ለድኻ ቤተሰብ እኩል ዋጋ የለውም። የመምህር ወይም የሐኪም ልጅ 16ኛ ዓመቱን በጉዞ፣ በድራማና በሥራ ልምምድ ቢያሳልፍ ቤተሰቡ የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። እንዲያውም የሥራ ልምምድ ቦታውን የሚያገኘው በወላጆቹ ትውውቅ ነው፤ የሕግ ባለሙያ ልጅ በጠበቃ ቢሮ ይለማመዳል። የቀን ሠራተኛ ልጅ ግን ትምህርቱን አንድ ዓመት ዘግይቶ ይጨርሳል፤ ደመወዝም አንድ ዓመት ዘግይቶ ያገኛል። ትምህርት ቤቱ ለጉዞና ለተግባራት የሚጠይቀው መዋጮ ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመራል። በሌላ በኩል፣ የመንግሥት ልዩ ድጋፍ በሚሰጥባቸው የተቸገሩ አካባቢዎች የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ፕሮግራሙን የማቅረብ ዕድላቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ቈይቷል። በአነስተኛ የገጠር ትምህርት ቤቶችም ዓመቱን የሚመርጡት ተማሪዎች ቍጥር አንድ ክፍል ለመክፈት ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ከውድድሩ እፎይታ እንዲሰጥ የታሰበው ዓመት፣ ጥንቃቄ ካልተደረገበት፣ በውድድሩ ቀድሞ ለተሰለፈው ተጨማሪ ስንቅ ይሆናል።

ሦስተኛው ችግር የመምህሩ ነው። የተዘጋጀ መርሐ ትምህርትና መማሪያ መጽሐፍ ሳይኖር ማስተማር ነፃነት ነው፤ ሸክምም ነው። በፈተና ዓመት ተማሪውን የሚገፋው ፈተናው ነው፤ በሽግግር ዓመት ግን ተማሪውን የሚይዘው የመምህሩ ዝግጅት ብቻ ነው። አስተባባሪ መምህሩ የሥራ ቦታዎችን ያፈላልጋል፣ አሠሪዎችን ያነጋግራል፣ ጉዞ ያቀናጃል፣ የሥራ ባልደረቦቹን ያግባባል። ይህ ሁሉ ከሙሉ የማስተማር ሰዓት ጋር ከተደረበበት ፕሮግራሙ የሚቆመው በአንድ ሰው ትጋት ላይ ነው። ያ መምህር ሲዛወር ፕሮግራሙ አብሮት ይሄዳል።

ረ. የሌሎች አገሮች ተመሳሳይ ሙከራዎች

የአየርላንድ ልምድ ከአገሪቱ ወሰን ውጪ ትኵረት አግኝቷል። በፈተና ውድድር ብርታት የምትታወቀው ደቡብ ኮሪያ በ2013 «ነፃ መንፈቅ ዓመት» የተባለ ፕሮግራም በ42 መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሞክራ፣ በ2016 በሁሉም ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ አውላለች። በመንፈቅ ዓመቱ የአጋማሽና የማጠቃለያ ፈተና አይሰጥም። ጊዜው ለሙያ ፍለጋ፣ ለኪነ ጥበብና ለስፖርት ይውላል። መነሻ አሳቡ የተገኘው ከአየርላንድ ሲሆን፣ ጊዜው ወደ መንፈቅ ዓመት ማጠሩና በትምህርት ዘመኑ ላይ ተጨማሪ ዓመት አለማስከተሉ ዋነኛው ልዩነት ነው።

በዴንማርክ ያለው ልማድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች ከቤታቸው ርቀው ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት የሚኖሩባቸው የአዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ። የመጀመሪያውን በ1851 ክሪስተን ኮል በሪስሊንግ እንደ መሠረተ ይነገራል። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ፈተናን ጨርሰው አያስቀሩም። ይሁን እንጂ አብሮ መኖርን፣ ሙዚቃን፣ ስፖርትንና የእጅ ሥራን ከመደበኛው ትምህርት እኩል ያከብራሉ።

በኢትዮጵያም ተማሪን ለአንድ ዓመት ከመደበኛ ትምህርት አውጥቶ ወደ ኑሮ ማቅረብ እንግዳ አሳብ አይደለም። በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር፤ አብዛኞቹም ያገለገሉት በመምህርነት ነው። ያኛው በዩኒቨርሲቲ ደረጃ፣ በግዴታና በቅድሚያ ለአገር ጥቅም የተቋቋመ ሲሆን፣ የአየርላንዱ በሁለተኛ ደረጃ፣ በአብዛኛው በምርጫና በቅድሚያ ለተማሪው ዕድገት የታሰበ ነው። ስለሆነም ሁለቱን እንደ አንድ መቍጠር አይገባም።

ማጠቃለያ

ከአየርላንድ የ50 ዓመት ልምድ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ ፈተናን ማንሣት በራሱ ትምህርትን አይለውጥም። ፈተናው የለቀቀውን ቦታ በደንብ የታሰበበት ዕቅድ ካልያዘው ባዶነት ይይዘዋል። ስለሆነም ከገንዘብ አስቀድሞ ለአስተባባሪ መምህራን የሚመደብ ጊዜ በበጀት ውስጥ በግልጽ መታየት ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ ማስፋፋቱ ከሥልጠናው መቅደም የለበትም። የአየርላንድ ፕሮግራም በ3 ትምህርት ቤቶች ተጀምሮ ለረዥም ጊዜ በትንሹ መቈየቱ ስሕተት የሚፈጸምበትና የሚታረምበት ዕድል ሰጥቶታል።

ሦስተኛ፣ በምርጫ መሆንና እኩልነት እርስ በርስ ይጋጫሉ። ዓመቱ በግዴታ ሲሰጥ የተማሪው ፍላጎት ይቀንሳል፤ በምርጫ ሲሰጥ ደግሞ የመምረጥ ዐቅም ያለው ይመርጠዋል። ከዚህ አጣብቂኝ የሚወጣበት መንገድ ካለ፣ ምርጫውን ጠብቆ ወጪውን ከድኻው ተማሪ ትከሻ ላይ ማንሣት ነው። መዋጮው፣ የጉዞው ወጪና የሥራ ልምምድ ቦታ ፍለጋው የትምህርት ቤቱና የመንግሥት ኀላፊነት ካልሆኑ፣ ምርጫው ለሁሉም ክፍት ነው ማለት አይቻልም።

አራተኛ፣ ተጨማሪ ዓመት ለመመደብ ዐቅም የሌለው የትምህርት ሥርዓት ከዓመቱ ውስጥ አንዳንዱን ክፍል ሊወስድ ይችላል። ሁለት ሳምንት የሥራ ልምምድ፣ በመንፈቅ ዓመቱ አንድ የሥራ ማኅደር፣ ወላጆች በተገኙበት የሚቀርብ አንድ የተማሪዎች ሥራ፣ እነዚህ አዲስ አዋጅ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት ማኅደሩን ተቀብሎ የሚያነብ መምህርና ለንባቡ የተከለለ ሰዓት ነው።